ለመጨረሻው ዙር የቀረው ጉልበት እንዴት ይለካል?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የመካከለኛና የረጅም ርቀት ሯጮችን ፍጥነትና አናኤሮቢክ አቅም፣ ማለትም ያለ ኦክስጅን እርዳታ የሚወጣውን ጉልበት፣ ስለ መለካት ናቸው። ሁለቱን ብዙ ሰው እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል። አንዱ በሰከንድ ስንት ሜትር መሄድ እንደሚቻል ይነግረናል፤ ሌላው ያ ጉልበት በጠቅላላው ምን ያህል እንደሆነ ይነግረናል። የሚለኩበት መንገድም፣ ስህተት የሚገባባቸው ቦታም ይለያያል።

«የ1,500 እና የ5,000 ሜትር ወጣት ሯጮችን አሠለጥናለሁ። ያለኝ የእጅ ሰዓትና ስልክ ብቻ ነው። ከፍተኛ ፍጥነታቸውን ከ100 ሜትር ሰዓታቸው ነው የማወጣው። ትክክል ነኝ?»
*አሰልጣኝ፣ ከአሰላ*

ከቆመ መነሻ የሚሮጥ 100 ሜትር ከፍተኛ ፍጥነትን ለብቻው አያሳይም። የመነሻ ምላሽ፣ የአወጣጥ ጉልበትና መጨረሻ ላይ የሚመጣው መቀዛቀዝ ሁሉ ተደባልቀውበታል። የረጅም ርቀት ሯጭ ደግሞ አወጣጥ ተለማምዶ አያውቅም። ስለዚህ ልጁ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚሮጠውን 30 ሜትር ይለኩ።

በመሙ ቀጥታ ክፍል ላይ 30 ሜትሩን በሜትር ገመድ ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ በእርምጃ አይገምቱ። ከመጀመሪያው ምልክት በፊት 40 ሜትር መንደርደሪያ ይስጡት። ከመጨረሻው ምልክት 10 ሜትር አልፎ አንድ ኮን ያስቀምጡና «እስከዚያ ድረስ ሩጥ» ይበሉት፤ መጨረሻውን የሚያውቅ ሯጭ ሳይደርስ ይቀንሳል። ከ20 ደቂቃ ማሟሟቅና እየጨመሩ ከሚሄዱ አራት የፍጥነት ሩጫዎች በኋላ ሦስት ሙከራ ያድርግ፤ በመካከላቸው 5 ደቂቃ እየተራመደ ይረፍ። የሚመዘገበው ምርጡ ነው። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ዓይነት ጫማና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን። ከባድ ልምምድ በተሠራ ማግስት የተለካ ፍጥነት የድካም መለኪያ ስለሚሆን ባይለኩት ይሻላል።

የእጅ ሰዓቱን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት። 30 ሜትር በ3.5 ሰከንድ ማለት 8.57 ሜትር በሰከንድ ነው። ጣትዎ በ0.1 ሰከንድ ቢቀድምና 3.4 ቢያነብ 8.82 ይሆናል። ልዩነቱ በሰዓት 0.9 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአንድ ወቅት ሙሉ ልምምድ የሚያመጣው ለውጥ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ስልክዎ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ዘገምተኛ ቪዲዮ ካለው ግን ስህተቱ ወደ ጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ይወርዳል።

ስልኩን በማቆሚያ ላይ አድርገው ከ30 ሜትሩ መካከል ትይዩ፣ ሯጩ ከሚያልፍበት መስመር 25 ሜትር ርቆ፣ በሜዳው ውስጥ ያቁሙት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የምልክት እንጨቶቹ ሯጩ በሚያልፍበት መስመር ላይ ሊተከሉ ስለማይችሉ 1 ሜትር ያህል ወደ ካሜራው ቀርበው ይተከላሉ። ያን ጊዜ በመካከላቸው 30 ሜትር ከተዉ፣ በካሜራው ዓይን ሯጩ ከአንዱ እስከ ሌላው ሲያልፍ የሚሮጠው 31.25 ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ በ4 በመቶ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ከመካከሉ ግራና ቀኝ 15 ሜትር ሳይሆን 15 × 24 ÷ 25 = 14.40 ሜትር ላይ ይትከሏቸው። ከዚያ የሯጩ ዳሌ የመጀመሪያውን እንጨት ከሚያልፍበት ምስል እስከ ሁለተኛው ያሉትን ምስሎች ይቁጠሩ። 840 ምስል ከሆነ 840 ÷ 240 = 3.50 ሰከንድ ነው። አንዳንድ ስልኮች ብርሃን ሲቀንስ የምስሉን ብዛት ሳይናገሩ ይቀንሳሉ። ከሙከራው በፊት እየሄደ ያለ ዲጂታል ሰዓት ለ10 ሰከንድ ቀርጸው 2,400 ምስል መኖሩን ያረጋግጡ።

«ይህን ፍጥነት ካወቅሁ በኋላ ለረጅም ርቀት ሯጭ ምን ይጠቅመኛል?»
*ከዚሁ አሰልጣኝ*

ለብቻው ብዙ አይጠቅምም። ልጁ ከፍተኛ የኦክስጅን ፍጆታው ላይ ሲደርስ የሚሮጥበት ፍጥነት አጠገቡ ሲቀመጥ ግን ትርጉም ያገኛል። ይህን ሁለተኛ ቁጥር በ5 ደቂቃ ሙሉ ሩጫ መገመት ይቻላል። 5 ደቂቃ ውስጥ የሮጠውን ርቀት ለ300 ሰከንድ ያካፍሉ፤ 1,740 ሜትር ከሆነ 5.80 ሜትር በሰከንድ ነው። የሁለቱ ፍጥነቶች ልዩነት የፍጥነት መጠባበቂያ ይባላል።

ሁለት ልጆች እንውሰድ። አንዱ ከፍተኛ ፍጥነቱ 8.8፣ የ5 ደቂቃው 5.6 ነው፤ መጠባበቂያው 3.2። ሌላው 8.0 እና 5.9፤ መጠባበቂያው 2.1። ሁለቱም 300 ሜትርን በ42 ሰከንድ እየደጋገሙ እንዲሮጡ ታዘዙ፤ ይህ 7.14 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። የመጀመሪያው የመጠባበቂያውን 48 በመቶ ሲነካ ሁለተኛው 59 በመቶውን እየነካ ነው። አምስተኛው ላይ ሁለተኛው ቢፈርስ ስንፍና አይደለም፤ ከሌላው የከበደ ልምምድ ተሰጥቶታል። በቡድን አንድ ሰዓት ለሁሉም የማዘዝ ልማዳችን ጥሩ ልጆችን ያለ ጥፋታቸው የሚጥለው በዚህ መንገድ ነው።

ጋሬዝ ሳንድፎርድ የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ምርጥ የወንዶች 800 ሜትር ሯጮችን ያጠናው ከፍተኛውን ፍጥነት ለሌላው በማካፈል ነበር። ውጤቱ 1.58 እና ከዚያ በላይ የሆነው ወደ 400 ሜትር ያደላ፣ 1.47 እና ከዚያ በታች የሆነው ደግሞ ወደ 1,500 ያደላ ሯጭ ነው። ከላይ ያሉት ሁለት ልጆች 1.57 እና 1.36 ያመጣሉ። እነዚህ ወሰኖች የምርጥ ወንዶች ስለሆኑ፣ በ16 ዓመት ልጅ ወይም በሴት ሯጭ ላይ ፍርድ መስጫ አያድርጓቸው።

«400 ሜትር በሙሉ ኃይል ሮጠን ላክቴት ተለካን። እኔ 14 ሚሊሞል በሊትር፣ ጓደኛዬ 18 አመጣን። የእሱ አናኤሮቢክ አቅም ከእኔ ይበልጣል ማለት ነው?»
*የ1,500 ሜትር ሯጭ፣ ከአዲስ አበባ*

ከዚህ ቁጥር ተነስተህ እንዲህ ማለት አትችልም። ላክቴት ጡንቻ በከባድ ሩጫ ስኳርን ለጉልበት ሲጠቀም የሚያመርተው ንጥረ ነገር ነው። በደም ውስጥ የሚነበበው ጡንቻ ካመረተው ላይ ልብና ሌሎች ጡንቻዎች እንደ ነዳጅ ወስደው የተጠቀሙበት ተቀንሶ የቀረው ነው። በጽናት የሠለጠነ ሰውነት በፍጥነት ስለሚያነሳው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ያልበላ፣ ጾሙን ሳይፈታ የሮጠ ወይም ከትናንቱ ረጅም ሩጫ በኋላ በቂ ምግብ ያልወሰደ ሯጭም ዝቅ ይልበታል፤ የጡንቻው ስኳር ስላነሰ የሚያመርተውም ያንሳል።

አለካኩንም መጠየቅ አለብህ። ላክቴት ከሩጫው በኋላም በደም ውስጥ መውጣቱን ይቀጥላል። ከፍተኛው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይገኛል፤ በ3፣ በ5 እና በ7 ደቂቃ ተለክቶ ትልቁ ይያዛል። አንተ በ1 ደቂቃ፣ እሱ በ6 ደቂቃ ተለክታችሁ ከሆነ ንጽጽር የለም። ላብ ከደም የበለጠ ላክቴት ስለሚይዝ አንዲት የላብ ጠብታ ቁጥሩን ታዘልለዋለች። ጣቱ ወይም የጆሮው ጫፍ ታጥቦ በደንብ መድረቅ፣ የመጀመሪያዋ የደም ጠብታም ተጠርጋ መጣል፣ ሁለተኛዋ መለካት አለባት። አንዴ ከጣት፣ አንዴ ከጆሮ መውሰድም ልክ አይደለም።

የአንተን የዛሬ ውጤት ከሦስት ወር በኋላ፣ በዚያው ርቀትና በዚያው ሰዓት ከሚወሰደው የራስህ ውጤት ጋር አስተያየው። በዚያው ሰዓት ሮጠህ ላክቴትህ ከወረደ ጥሩ ምልክት ነው።

«የ5,000 ሜትር ሯጭ ነኝ። ከልምምድ ጓደኞቼ በ200 ሜትር የሚቀድመኝ የለም። ውድድር ላይ ግን የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ሲጀመር ጥለውኝ ይሄዳሉ። ፍጥነት እያለኝ ለምን? ያለ ላቦራቶሪስ ይለካል?»
*ከሱሉልታ*

ፍጥነቱ አለህ፤ እዚያ ስትደርስ የምታወጣበት ጉልበት ግን አልቋል። አጨራረስ ሲነሳ በሞስኮ 1980 እ.ኤ.አ. 5,000ንም 10,000ንም ያሸነፈው ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር፣ ሲድኒ 2000 እ.ኤ.አ. ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው ኃይሌ ገብረሥላሴ ይታወሱናል። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ዙር ነው። ያን ዙር ያስቻላቸው ግን ከእሱ በፊት የነበሩት ዙሮች ጉልበታቸውን ሳይጨርሱባቸው ማለፋቸው ነው።

እያንዳንዱ ሯጭ ወሳኝ ፍጥነት የሚባል ወሰን አለው። ከእሱ በታች ሰውነት ለረጅም ጊዜ ተረጋግቶ ይሠራል። ከእሱ በላይ ስትሮጥ የተወሰነ መጠን ካለው ስንቅ ላይ እየቀነስህ ነው። ስንቁ የሚለካው በሜትር ነው፤ ከወሰኑ በላይ በምን ያህል ፍጥነት እንደሄድክ ቶሎ ወይም ዘግይቶ ያልቃል። ለሜዳ ሥራ ለአናኤሮቢክ አቅም የሚቀርበው መለኪያ ይህ ነው። ከላቦራቶሪው ጋር ፍጹም አንድ ነው ግን አይባልም።

አለካኩ በመም ላይ 9 ዙር (3,600 ሜትር)፣ 6 ዙር (2,400) እና 3 ዙር (1,200) እያንዳንዱን በሙሉ አቅም መሮጥ ነው። በአንድ ቀን ከሆነ ከረጅሙ ጀምረህ በመካከላቸው 30 ደቂቃ ታርፋለህ። ድካም ያበላሽብኛል ካልክ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ቢያንስ በ48 ሰዓት ልዩነት ሩጣቸው። ብቻህን ሩጥ፤ ከሰው ጀርባ መሮጥ ነፋሱን ይቀንስልሃል። እኩል ዙር ለመሮጥ ሞክር፤ የመጀመሪያውን 400 በኃይል የወጣ ሰው ሙከራውን ደግሞ መሥራት አለበት።

ለምሳሌ ሰዓቶቹ 10:40፣ 6:58 እና 3:15 ሆኑ እንበል፤ በሰከንድ 640፣ 418 እና 195። ከረጅሙና ከአጭሩ ብንነሳ የርቀቱ ልዩነት 2,400 ሜትር፣ የጊዜው 445 ሰከንድ ነው። 2,400 ÷ 445 = 5.39 ሜትር በሰከንድ፤ ይህ ወሳኝ ፍጥነትህ ነው፤ በኪሎ ሜትር 3:05 ገደማ። ስንቅህ 1,200 − (5.393 × 195) = 148 ሜትር። የመካከለኛው ሩጫ ሥራ ማረጋገጫ መሆን ነው፦ (2,400 − 148) ÷ 5.393 = 417.6 ሰከንድ፤ ከሮጥከው 418 ጋር ይገጥማል። ከ4 እና 5 ሰከንድ በላይ ቢራራቅ ከሦስቱ አንዱ በሙሉ አቅም አልተሮጠም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። 1,200ውን በ3 ሰከንድ ብቻ አዝግመህ በ3:18 ብትጨርሰው ወሳኝ ፍጥነትህ ወደ 5.43 ይወጣል፤ ይህ ከ1 በመቶ ያነሰ ለውጥ ነው። ስንቅህ ግን ከ148 ወደ 125 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ወሳኝ ፍጥነትህን እመን፤ ስንቅህን ግን ሙከራውን ሳትደግም አትመን።

አሁን ወደ ውድድርህ እንመለስ። በእነዚሁ ቁጥሮች 5,000 ሜትር እየሮጥክ፣ ከመጨረሻው ኪሎ ሜትር በፊት ያለውን 3,000 ሜትር ቡድኑ በኪሎ ሜትር 3:02 ያህል ወሰደው፤ 5.50 ሜትር በሰከንድ። ከወሰንህ በሰከንድ 0.107 ሜትር ብቻ ይበልጣል፤ አይሰማህም ማለት ይቻላል። በ545 ሰከንድ ግን 58 ሜትር ስንቅ ይበላል። የሚቀርህ 90 ሜትር ስለሆነ የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በ2:49 ታጠናቅቃለህ። ስንቁ ያልተነካ ቢሆን 2:38 ይቻልህ ነበር። ወሳኝ ፍጥነቱ 5.50 የሆነ ጓደኛህ በዚያው ቡድን ውስጥ፣ በዚያው ሰዓት፣ ምንም ሳይነካ ደርሷል። በ200 ሜትር ብትቀድመውም ጥሎህ የሚሄደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ተጨማሪ 200 ሜትሮች አይፈቱልህም። የጎደለህ ወሰኑ ነው፦ በኪሎ ሜትር ከ3:05 እስከ 3:08 ባለው ከ5 እስከ 6 ጊዜ 1,600 ሜትር፣ በመካከል 90 ሰከንድ እረፍት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ። ከ8 እስከ 10 ሳምንት በኋላ ሦስቱን ሩጫ ድገም። ስሌቱን ለመጨረሻው አንድ ዙር ግን አትጠቀምበት። ቀመሩ 400 ሜትርን በ46.7 ሰከንድ ትሮጣለህ ይልሃል፤ ከ2 ደቂቃ በታች ባሉ ጥረቶች ከፍተኛ ፍጥነትህ ስለሚገድብህ አይሠራም።

«አናኤሮቢክ አቅምን በትክክል የሚለካው የትኛው ነው? ዊንጌት፣ 6 ጊዜ 35 ሜትር፣ ወይስ የኦክስጅን ጉድለት?»
*የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር*

ለሯጭ ከሦስቱ ለእውነተኛው አቅም የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። ዊንጌት በእስራኤል ካለው የዊንጌት ተቋም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣ የብስክሌት ሙከራ ነው፦ የሰውነትን ክብደት 7.5 በመቶ የሚያህል ጫና ላይ 30 ሰከንድ በሙሉ ኃይል መርገጥ። ብስክሌት ያልለመደ ሯጭ ጭኑ ቀድሞ ይዝላል። 30 ሰከንድም አናኤሮቢክ አቅምን አሟጥጦ ለማውጣት አይበቃም፤ ለዚያ 2 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። በ10 ሰከንድ እረፍት የሚደጋገመው 35 ሜትር ቆም እያሉ ለሚፈተለኩ ኳስ ተጫዋቾች ይስማማል። የ10,000 ሜትር ሯጭ እዚያ ላይ ደካማ ሆኖ ቢገኝ የሚነግረን ጥቂት ነው።

የኦክስጅን ጉድለት ዘዴን ኖርዌያዊው ሜድቦና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ሯጩ በመሮጫ ማሽን ላይ በተለያዩ ቀላል ፍጥነቶች ሮጦ የኦክስጅን ፍጆታው ይለካል፤ ከዚያ ፍጥነትና ፍጆታን የሚያገናኝ መስመር ይሰመራል። ቀጥሎ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በሚያደክመው ፍጥነት እስኪያቅተው ይሮጣል። በመስመሩ የተገመተው ፍላጎትና በጭምብሉ የተለካው ፍጆታ ልዩነት ጉድለቱ ነው።

ደካማ ጎኑ ያ መስመር ካልተለካበት ፍጥነት ላይ ተዘርግቶ መነበቡ ነው። ፍላጎቱ በደቂቃ 85 ሚሊ ሊትር በኪሎ ተብሎ ቢገመትና ሩጫው 2.5 ደቂቃ ቢፈጅ ጠቅላላው 212.5 ነው። የተለካው 160 ከሆነ ጉድለቱ 52.5 ይሆናል። ግምቱ በ3 በመቶ ብቻ ቢሳት ጉድለቱ በ12 በመቶ ይዛባል። ለመመረቂያ ሥራህ የምታስበው ከሆነ ቢያንስ አራት ቀላል ፍጥነቶችን፣ እያንዳንዳቸውን 4 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ አስሩጥ። የማሽኑን ፍጥነትም የቀበቶውን ርዝመትና የዙሩን ብዛት ቆጥረህ ራስህ አረጋግጥ፤ ሰው ሲሮጥበት የሚያሳየውን ፍጥነት የማይጠብቅ ማሽን ብዙ ነው።

«ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ 800 ሜትር ትሮጣለች። እዚህ ከፍተኛ ፍጥነቷ 7.60፣ የ5 ደቂቃው 4.90 ነበር። አዲስ አበባ ለእረፍት በሄደችበት በሁለተኛው ሳምንት 7.70 እና 4.55 ሆነ። የፍጥነት መጠባበቂያዋ ከ2.70 ወደ 3.15 አደገ። ወደ 400 ሜትር እንድታደላ ላድርግ?»
*እናት፣ ከቨርጂኒያ*

አያድርጉ፤ የተለወጠው አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሯ ሩብ በሚያህል የሳሳ ነው። ለአጭር ፍጥነት የሚገፋው አየር ሲቀንስ ይቀላል፤ ለረጅሙ ደግሞ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ያንሳል። ከፍተኛው የኦክስጅን ፍጆታ በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከ6 እስከ 7 በመቶ አካባቢ ይወርዳል፤ ገና ያልለመደ ሰው ላይ ደግሞ ይጎላል። 2,240 ሜትር ላይ ያለችው ሜክሲኮ ሲቲ በ1968 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም አሳይታለች። ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95 ሰከንድ ሲሮጥ፣ ማሞ ወልዴ ብር ያገኘበትን 10,000 ሜትር አሸናፊው የጨረሰው በ29:27.4 ነበር፤ የዚያን ጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን 27:39.4 ነበር።

የልጅዎ ሁለት ቁጥሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሄዱ ልዩነታቸው ሰፋ። ወደ ቨርጂኒያ ስትመለስ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሜዳ ይለኳት። የአዲስ አበባውን ውጤት በሌላ ገጽ ይመዝግቡት፤ በሚቀጥለው ክረምት ስትሄድ ከዚያ ጋር ብቻ ይነጻጸራል። በነገራችን ላይ 800 ሜትር ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከኦክስጅን ነው የሚያገኘው፤ በዚህ ዕድሜ የ4.90ው ቁጥር ማደግ ከምንም በላይ ሊያስደስትዎ ይገባል።

«በዓመት ስንት ጊዜ ልለካ?»
*በርካታ አንባቢዎች*

30 ሜትሩን በየ4 ሳምንቱ መለካት ይቻላል፤ አያደክምም። የ5 ደቂቃውንና ሦስቱን ሩጫ በየ8 እስከ 10 ሳምንቱ፣ ከውድድር ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ። ከመለኪያው በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ቀላል ሩጫ ብቻ ይሁኑ። በመዝገቡ ላይ ከሰዓቱ ጎን ቦታውን፣ ጫማውን፣ ነፋሱን፣ የቀኑን ሰዓትና የተበላውን ይጻፉ። ጉንፋን የያዘው ወይም በሁለት ሌሊት በደንብ ያልተኛ ሯጭ በዚያ ሳምንት አይለካ።